«ከርዳዳ» ያልነው ፀጉር

ባለፈው መስከረም በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ፣ ቡናው ገና አቦል ሳለ፣ አንዲት እህታችን የዘጠኝ ዓመት ልጇን ይዛ ገባች። ቤቱ ይሞቃል፤ ልጅቷ ግን ኮፍያዬን አላወልቅም አለች። ምነው ብለን ስንጠይቅ እናቷ ቀድማ፣ «ፀጉሯ ከርዳዳ ሆኖ አስቸገረኝ፤ ሪላክሰር እንዳልቀባት ደግሞ ገና ልጅ ናት» ብላ መለሰች። ልጅቷ እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ የተወለደች ናት፤ አማርኛ ብዙ አትናገርም። ከርዳዳ የሚለውን ቃል ግን ታውቀው ኖሮ አንገቷን ደፋች።

እናቲቱ ክፉ አስባ አልተናገረችም። እኛም ያደግነው በዚሁ ቃል ነው፤ ብዙዎቻችንም ለልጆቻችን አውርሰነዋል። የዕለቱ አጀንዳ የዕቁብ ሂሳብ ነበር፤ ሂሳቡ ሳይነካ መሸ። አንዷ ስለ እናቷ ቅቤ፣ ሌላዋ ሪላክሰር አቃጥሎት ስለቆሰለው የራስ ቆዳዋ፣ ሌላዋ ደግሞ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትሄድ ሹሩባዋን ስለፈታችበት ቀን አወራች። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ከስብሰባው በኋላ አንድ ሰዓት ለዚህ ጉዳይ ሰጠን፤ ያነበብነውን አነበብን፣ ታላላቆቻችንን ጠየቅን። ከዚህ በታች ያለው ከዚያ የተለቀመ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በአገራችን ፀጉር የሰውን ዕድሜና ኑሮ ይናገር ነበር። ከአገር አገር ልዩነቱ ብዙ ቢሆንም፣ ታላላቆቻችን የሚያስታውሱት እንዲህ ነው። ወንድ ሕፃን ተላጭቶ አናቱ ላይ ቁንጮ ይተውለታል። ሴት ልጅ መሀሉን ትላጭና ዙሪያውን ጋሜ ታሳድጋለች። ከፍ ስትል ሳዱላ ትባላለች፤ ስታገባ ሙሉውን አሳድጋ ትሠራዋለች። ባሏ ወይም ልጇ የሞተባት ሴት ፀጉሯን ትላጫለች። ስሟን የማያውቅ መንገደኛ እንኳ ራሷን አይቶ ልጃገረድ ትሁን ባለትዳር ወይም ሐዘንተኛ መገመት ይችል ነበር።

የወንዶቹም ፀጉር እንዲሁ ይናገር ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስን የምናስባቸው በሹሩባቸው ነው፤ ዐፄ ዮሐንስም ሹሩባ ይሠሩ ነበር። ከ1936 እስከ 1941 ጣልያንን በየዱሩ የተዋጉት አርበኞች ፎቶግራፎች ደግሞ በጎፈሬ የተሞሉ ናቸው። ፀጉሩ እንደበቀለ ወደ ላይ ቆሟል፤ ማንም ያንን አይቶ አልተበጠረም አላለም። ጎፈሬ የጀግና ምልክት ነበር። ያው ፀጉር በሴት ልጅ ራስ ላይ ሲቆም ግን «ጨብራራ» የሚባልበት ምክንያት እስካሁን ሲያነጋግረን አለ።

እንክብካቤውም ነበረ። ከእኛ ውስጥ ገጠር ያደጉት ሁሉ የሚያስታውሱት አንድ ዓይነት ቀን አለ። ሴት አያት በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ልጅቷ በጉልበቶቿ መሀል መሬት ላይ፣ ሚዶና ለጋ ቅቤ አጠገባቸው። ቅቤው ሽታው ደስ እንዲል በአደስ ተለውሷል። አያት ትከፍላለች፣ ታፍታታለች፣ ትጎነጉናለች፤ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ትቆነጠጣለች፣ ትስቃለች። ፀሐይ ላይ ሲቀመጡ ቅቤው እየቀለጠ በአንገት ይወርዳል። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሹሩባው ግን ሳምንታት ይቆያል፤ በነዚያ ሳምንታት ፀጉሩን የሚነካው የለም። እንግዲህ ይህንን አሁን በእንግሊዝኛ ትልቅ ስም ሰጥተው የፀጉር መከላከያ አሠራር ይሉታል። አያቶቻችን ስም ሳያወጡለት ያደርጉት ነበር።

ይህን ብቻ ተናግረን ብንሄድ ግን ራሳችንን ማሞገስ ይሆናል። ዘፈኖቻችን የሚያወድሱት ዞማውን ነው። ሽማግሌ ሙሽራ ሲያይ ሉጫ ፀጉር ናት ብሎ ያመሰግናል። ከርዳዳ የሚለው ቃል ከአፍንጫና ከቆዳ ቀለም ጋር ተጣምሮ ሰውን በዘሩ ለማሳነስ ሲነገር ኖሯል። ይህን ፈረንጅ አላስተማረንም። አንዲት እህታችን እንደነገረችን፣ እሷና ታላቅ እህቷ ከአንድ እናት ማህፀን ወጥተው የእህቷ ፀጉር ለእንግዳ ይታያል፣ የእሷ በሻሽ ይሸፈናል። ስለዚህ አሜሪካ መጥተን ፀጉራችንን መጥላት ተማርን ብንል ውሸት ነው። ግማሹን ይዘነው መጥተናል።

ሌላውን ግማሽ ከተማ ጨመረበት። የፀጉር ቤት ቃላትን ልብ ብላችሁ ስሙ፤ ካስክ፣ ቢጎዲን፣ ፔስትራ። የፎረፎር እንኳ ስሙ ከጣልያን የመጣ ነው። ዕቃው ሲመጣ ስሙን ይዞ መጣ፤ ከስሙ ጋር ደግሞ የሚያምረው ፀጉር የተኛ ፀጉር ነው የሚል ሐሳብ ገባ። ሹሩባ የገጠርና የበዓል ሆነ፤ ለቢሮና ለፎቶ ካስክ ተገባ።

እዚህ አገር ስንመጣ የገባንበት ታሪክ ግን የእኛ ብቻ አይደለም። ከእኛ በፊት ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች በዚህ ፀጉር ምክንያት ብዙ አይተዋል፤ ዛሬ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ሹሩባ ተሠርተው የሚገቡት እነሱ በከፈቱት በር ነው። ያንን ሳናውቅ ብዙ ዓመት ኖርን።

በባርነት ዘመን ለፀጉር የሚሆን ጊዜ ብዙውን ጊዜ እሑድ ብቻ ነበር። ማበጠሪያ ያጡት የበግ ፀጉር በሚፈተግበት መሣሪያ ያበጥሩ ነበር፤ ቅባት ያጡት የቤት ስብና ቅቤ ይቀቡ ነበር። ሳምንቱን በክርና በጨርቅ ቁራጭ ጠቅልለው፣ በሻሽ ሸፍነው ይሠራሉ፤ እሑድ ይፈቱታል። በ1786 ሉዊዚያና በስፔን አገዛዝ ሥር ሳለች ገዥው ኤስቴባን ሚሮ ነፃ የሆኑ ጥቁርና ክልስ ሴቶች ፀጉራቸውን እንዳያጌጡ፣ በጨርቅ እንዲሸፍኑ አዘዘ። ሴቶቹም ሸፈኑት። ግን በሚያምር ባለቀለም ጨርቅ፣ ከፍ አድርገው፣ እንደ ዘውድ እያሰሩ ሸፈኑት፤ ለውርደት የታዘዘው መቀነት ጌጥ ሆኖ ቀረ። ሻሽ ማሰር ለምናውቅ ለእኛ ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን የአንዲት የልብስ አጣቢ ታሪክ ነው። ሣራ ብሪድላቭ በ1867 በሉዊዚያና፣ ዴልታ በምትባል ቦታ ተወለደች። ወላጆቿ በባርነት የኖሩ ናቸው፤ ከልጆቻቸው በነፃነት የተወለደችው የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። በሰባት ዓመቷ እናትና አባቷን አጥታ ነበር። በ14 ዓመቷ አገባች፤ በ20 ዓመቷ ባሏ ሞተና አንዲት ልጅ ይዛ ቀረች። ወንድሞቿ ፀጉር አስተካካይ ሆነው ይሠሩባት ወደነበረችው ወደ ሴንት ሉዊስ ሄዳ ልብስ በማጠብ ልጇን አሳደገች። በዚህ መሀል ፀጉሯ ይረግፍ ጀመር።

ፀጉሯ ለምን ረገፈ? መልሱ ስለ ውበት ያለንን ወሬ ሁሉ የሚለውጥ ነው። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ድሃ ቤት የቧንቧ ውሃ አልነበረውም። ራስን መታጠብ ብርቅ ነበር፤ የራስ ቆዳ ቁስልና ፎረፎር የተለመደ ነበር። ቀን ሙሉ የሰው ልብስ እያጠበች የምትውል ሴት የራሷን ራስ የምታጥብበት ውሃና ጊዜ አልነበራትም። እዚህ ላይ ስንደርስ ከመካከላችን ብዙ ዓመት በሰው ቤት የሠራች አንዲት እህት ዝም ብላ ተነሥታ ቡናውን ልትቀዳ ሄደች።

ሣራ መጀመሪያ የሠራችው ለሌላ ጥቁር ሴት ነው፤ ለአኒ ተርንቦ ማሎን። አኒ ማሎን በ1902 ወደ ሴንት ሉዊስ መጥታ የራስ ቆዳ መድኃኒትና የፀጉር ቅባት ቤት ለቤት ትሸጥ ነበር። «ፖሮ» የሚል የንግድ ስም አስመዝግባ፣ በ1918 በዚያችው ከተማ ሴቶች ሙያ የሚማሩበትን ፖሮ ኮሌጅ ከፈተች። ስሟ ዛሬ ብዙም አይነሣም፤ ተማሪዋ በለጠቻትና ተረሳች። ሣራ በ1905 ወደ ዴንቨር ሄደች፤ በዓመቱ የጋዜጣ ማስታወቂያ ይሠራ የነበረ ቻርልስ ጆሴፍ ዎከር የሚባል ሰው አገባችና በባሏ ስም ማዳም ሲ ጄ ዎከር ተባለች። ቅባቷ ውስጥ የነበረው ቫዝሊንና ድኝ ነው፤ ድኝ ለራስ ቆዳ በሽታ ከጥንት የታወቀ ነገር ነው። ትምህርቷም ቀላል ነበር፤ ራሳችሁን ቶሎ ቶሎ ታጠቡ፣ ቆዳውን እሹ፣ ቅባቱን ተቀቡ።

የጋለ የብረት ማበጠሪያም በአሠራሩ ውስጥ ነበረ። በዚህ ምክንያት እስከ ዛሬ ድረስ ጥቁር ሴቶች ፀጉራቸውን እንዲዘረጉ ያደረገች እየተባለች ትወቀሳለች። እሷ ግን ፀጉር ዘርጊ መባልን አትወድም ነበር፤ ሥራዬ የራስ ቆዳን ማዳንና ፀጉርን ማሳደግ ነው ትል ነበር። እኛ ፍርድ ለመስጠት አልቸኮልንም። የተዘረጋ ፀጉር በዚያን ጊዜ ንጹሕና የተከበረ ሰው ምልክት ነበር፤ ያለዚያ ቢሮ የሚያስገባት፣ ተራ የሚያስጠብቃት አልነበረም። ራሷን ስለጠላች ብቻ ነው ማለት ለእኛ የሩቅ ሰው ወሬ ይመስለናል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልባችንን የያዘው በ1917 የሆነው ነው። ማዳም ዎከር ወኪሎቿን በየከተማው በማኅበር አደራጅታ ነበር። በዚያ ዓመት በነሐሴ ወር ፊላደልፊያ ላይ ጉባኤ ጠራቻቸው፤ ወደ ሁለት መቶ የሚሆኑ ሴቶች መጡ። ብዙዎቹ ከወጥ ቤትና ከልብስ ማጠቢያ የወጡ ናቸው። ሽልማት የተሰጠው ብዙ ለሸጠች ብቻ አይደለም፤ በአካባቢዋ ለተቸገረ ብዙ ለረዳችም ነው። ጉባኤው ሲያበቃ ሴቶቹ ለፕሬዚዳንት ዊልሰን ቴሌግራም ላኩ፤ በዚያ ክረምት በምሥራቅ ሴንት ሉዊስ ጥቁሮች ላይ የደረሰውን ግድያ ተቃውመው መንግሥት እንዲህ ያለውን ወንጀል እንዲያስቆም ጠየቁ። ስለ ፀጉር ቅባት ተሰብስበው ስለ ሰው ነፍስ ጽፈው ተለያዩ። በዕቁብና በቡና የተጀመረ ማኅበር ውስጥ ላለን ሴቶች ይህ እንግዳ አይመስልም።

ማዳም ዎከር በ1919 ሞተች። የጋለው ማበጠሪያ ግን በየቤቱ ቀረ። ቅዳሜ ማታ ምድጃው አጠገብ እናት ማበጠሪያውን እያጋለች የልጇን ፀጉር ታወርዳለች፤ ልጅቷ ጆሮዋን በእጇ ይዛ እንዳይነካት ትሰጋለች። ማበጠሪያው የማይደርስበትን በማጅራት ላይ ያለውን ጥቅልል ፀጉር ጥቁር አሜሪካውያን «ኪችን» ይሉታል፤ ወጥ ቤት ማለት ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባችን ይህን ስትነግረን፣ ለካ በአያታችን ጉልበት መሀል የተቀመጥነው እኛ ብቻ አልነበርንም አልን።

ኬሚካሉ የመጣው ቀስ እያለ ነው። አንድ ዓይነት የትራፊክ ምልክት በመፈልሰፉ የሚታወቀው ጋሬት ሞርጋን በ1913 የፀጉር መዘርጊያ ክሬም የሚሸጥ ድርጅት ነበረው። በኋላ፣ በ1954፣ ጆርጅ ጆንሰን የሚባል ጥቁር ነጋዴ 250 ዶላር ተበድሮ ቺካጎ ውስጥ ድርጅት አቋቋመ፤ ከዚያም ሴቶች ቤታቸው ሆነው የሚጠቀሙበትን ሪላክሰር አወጣ። ሪላክሰር የሚሠራው የፀጉርን ቅርጽ የያዘውን ውስጣዊ ማሰሪያ በማፍረስ ነው። ጠንካራው ዓይነት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አለው፤ የተዘጋ ቧንቧ ለመክፈት የምናፈሰው ነገር ውስጥ ያለው ያው ነው። የፈረሰው ማሰሪያ አይመለስም፤ አዲስ ሲበቅል እንደገና መቀባት ነው። በየስድስትና በየስምንት ሳምንቱ።

ጥር 28 ቀን 1962 ሃርለም ውስጥ አንድ የፋሽን ትርኢት ተደረገ። ሞዴሎቹ ግራንዳሳ የሚባሉ ጥቁር ሴቶች ነበሩ፤ ፀጉራቸው እንደበቀለ ነበር። ፎቶግራፋቸውን ያነሣው ክዋሜ ብራዝዌት ሲሆን የትርኢቱም ስም «ናቹራሊ 62» ነበር። ብዙ ሰው የመጣው ለመሳቅ ይሁን ለማየት ማን ያውቃል፤ ነገሩ ግን ጥቁር ውብ ነው የሚለውን ቃል በየመንገዱ ካሰራጩት አንዱ ሆነ። ከዚያ በኋላ አፍሮ የትግል ምልክት ሆነ። አንጄላ ዴቪስ በ1970 በኤፍ ቢ አይ ስትፈለግ ፎቶዋ በየግድግዳው ተለጠፈ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ሰው ሥራዬን ረስቶ ፀጉሬን ብቻ ያስታውሳል ብላ ማዘኗን ጽፋለች። ያ ሪላክሰር የሚሸጠው ድርጅትም ወዲያው ለአፍሮ የሚሆን ቅባት አወጣ። ነጋዴ ነፋሱ ወደሚነፍስበት ነው። አፍሮ አዲስ አበባም ደርሶ ነበር፤ የእናቶቻችንና የአባቶቻችን የተማሪነት ፎቶዎች ምስክር ናቸው። ጎፈሬ ከአገር ወጥቶ የነበረ ይመስል፣ በፈረንጅ ስም ተመልሶ ገባ።

ፋሽን ያልፋል፤ እንጀራ ግን አያልፍም። በ1981 ረኔ ሮጀርስ የተባለች የአሜሪካን አየር መንገድ ሠራተኛ ሹሩባ ተሠርታ እንዳትመጣ የከለከላትን አሠሪዋን ኒው ዮርክ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰች። ተረታች። የፍርዱ ሐሳብ ባጭሩ፣ ሹሩባ ሰው መርጦ የሚሠራው እንጂ አብሮት የተወለደ አይደለም፤ ስለዚህ መከልከሉ የዘር መድልዎ አይሆንም የሚል ነበር። ያ ፍርድ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በየፍርድ ቤቱ ሲጠቀስ ኖረ።

ጉዳዩ ወደ እኛ ሠፈርም መጣ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከዚህ ብዙ በማይርቀው ክሪስታል ሲቲ በአንድ ትልቅ ሆቴል ገንዘብ ተቀባይ የነበረች ጥቁር አሜሪካዊት ሹሩባሽን ፍቺ ተብላ ሥራዋን አጣች፤ ነገሩ በጋዜጣ ወጣ። ያ ዘመን ከእኛ ታላላቆች ብዙዎቹ በሱዳን በኩል በስደት መጥተው በዚህ አካባቢ ሆቴሎች አልጋ የሚያነጥፉበት ዘመን ነው። አንዲት ታላቃችን ስታስታውስ፣ «ጓደኛዬ ለፋሲካ የተሠራሁትን ሹሩባ አይታ ሰኞ ከመግባትሽ በፊት ፍቺው አለችኝ። ለምን አላልኩም። እሑድ ማታ እያለቀስኩ ፈታሁት» አለችን። ያኔ ሌሎች ሴቶች በዚያው ነገር እየተሟገቱ እንደነበር አላወቀችም። ቋንቋው አልነበረንም፤ ጊዜውም አልነበረንም።

እዚሁ ዋሽንግተን ሌላም ሙግት ነበር። ፓሜላ ፌረልና ባለቤቷ ታሊብ-ዲን ኡቅዳህ በ1980 «ኮርንሮውስ ኤንድ ካምፓኒ» የሚባል ሹሩባ ቤት ከፍተው ነበር። ከተማው ፈቃድ የላችሁም ብሎ ያዛቸው። ፈቃዱን ለማግኘት የሚጠየቀው 1,500 ሰዓት ትምህርት ስለ ኬሚካል፣ ስለ ካስክና ስለ መቁረጥ ነው፤ ስለ ሹሩባ ምንም የለውም። ኬሚካል ለማይነካ ሰው ኬሚካል ካልተማርክ አትሠራም ማለት ነው። ብዙ ተሟግተው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከተማው ሕጉን ለወጠ። ከአባሎቻችን መካከል ዛሬ በሹሩባ ልጅ የሚያሳድጉ አሉ። የእነዚህን ባልና ሚስት ስም ግን ከዚህ ዓመት በፊት ከእኛ ውስጥ የሰማ አልነበረም።

ሕጉ የተለወጠው በዘመናችን ነው። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በ2014 ባወጣው ደንብ ጥምዝና ድሬድ ከለከለ፤ ጥቁር ሴት ወታደሮች አጥብቀው ስለተቃወሙ በ2017 ድሬድ ለሴቶች ተፈቀደ። በሐምሌ 2019 ካሊፎርኒያ «ክራውን አክት» የሚባለውን ሕግ በማጽደቅ የመጀመሪያዋ ሆነች፤ ሐሳቡን ያቀረበችው የሴኔት አባሏ ሆሊ ሚቸል ናት። ሕጉ አፍሮ፣ ሹሩባ፣ ጥምዝና ድሬድ በሥራና በትምህርት ቤት መከልከልን የዘር መድልዎ ነው ይላል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ በ2020 ተከተሉ። በፌዴራል ደረጃ የተወካዮች ምክር ቤት በ2022 ቢያሳልፈውም በሴኔቱ ሳይጸድቅ ቀረ። ወላጆች ይህን ያዙ፤ ልጃችሁ በሹሩባዋ ምክንያት ከክፍል ብትወጣ ዝም የምትሉበት ምክንያት የለም። ደብዳቤ ለመጻፍ የሚረዱ እህቶች በማኅበሩ አሉ።

ስለ ጤናው ስንነጋገር ስብሰባችን ሞቀ። በ2022 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች ከ35 እስከ 74 ዓመት የሆኑ 33,497 ሴቶችን ለ11 ዓመት ያህል ተከታትለው የደረሱበትን አወጡ። የፀጉር መዘርጊያ ኬሚካል ተጠቅመው ከማያውቁት መካከል እስከ 70 ዓመታቸው የማህፀን ካንሰር የሚይዛቸው 1.64 በመቶ እንደሚሆኑ ገመቱ፤ አዘውትረው በሚጠቀሙት ግን 4.05 በመቶ። አዘውትሮ ማለት በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ነው፤ ብዙዎቻችን ከዚያ በላይ ነን። ጥናቱ ግንኙነቱን አሳየ እንጂ ምክንያቱ ይህ ነው ብሎ አልደመደመም፤ ከመቶ አራት ማለትም ከመቶ ዘጠና ስድስቱን አይነካም ማለት ነው። ቢሆንም ይህን አንብቦ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ራስ ላይ መቀባት ከባድ ነው።

ከመካከላችን ሁለቱ የፀጉር ቤት ባለቤቶች ናቸው። አንዷ እንዲህ አለች፤ «ይህን ጽሑፍ ስታወጡ የኔንም እንጀራ አስቡ። ሪላክሰር ባልቀባ ኪራይ ማን ይከፍልልኛል?» ማንም መልስ አልነበረውም። ከብዙ ክርክር በኋላ የተስማማነው፣ ማንንም እንዳንወቅስ፣ ግን ሪላክሰር ላቁም የምትል እህት ሌላ የምትሄድበት እንድታገኝ ነው። ደጋፊዎቻችን በዚህ ዓመት ከሰጡን ገንዘብ ላይ ሁለት የራስ መታጠቢያ ገንዳና ወንበሮች ገዛን፤ በወር አንድ ቅዳሜ እነዚያው ሁለት ባለሙያዎች እየተከፈላቸው እናቶችን ያስተምራሉ። ያቺ የተከራከረችን እህት ዛሬ ዋናዋ አስተማሪ ናት። ሪላክሰር መቀባቷን ግን አልተወችም፤ ደንበኞቿ አልቀነሱም፣ ኪራዩም አልቀነሰም።

የተማርነው ብዙ አይደለም፤ አብዛኛው የምናውቀው ነው። ፀጉራችን የሚጠቀለለው የሚበቅልበት ቀዳዳ ጠማማ ስለሆነ ነው። የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ቅባት በተዘረጋ ፀጉር ላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ በጥቅልል ፀጉር ላይ ግን በየመጠምዘዣው ስለሚያዝ ጫፉ አይደርሰውም። ስለዚህ ጫፉ ይደርቃል፣ ይሰበራል። አያድግም የምንለው ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ ያድጋል፤ ባደገበት ልክ ስለሚሰበር ነው የማይረዝመው። ደረቅ ፀጉርን ማበጠር የለብንም፤ ውሃና ኮንዲሽነር ካስነካን በኋላ ከጫፍ ጀምረን በጣታችን፣ ቀጥሎ ጥርሱ ሰፊ በሆነ ማበጠሪያ ወደ ሥሩ እንሄዳለን። ስንተኛ የሐር ወይም የሳቲን ሻሽ፤ ጥጡ ትራስ እርጥበቱን ይመጠዋል።

ቅቤን በተመለከተ ክርክር ነበረ። እናቶቻችን ትክክል ነበሩ፣ ግን በአንድ ነገር ብቻ። ቅቤ እርጥበት አይሰጥም፤ ያለውን እርጥበት ግን ይይዛል። ደረቅ ፀጉር ላይ ከተቀባ ድርቀቱን ነው የሚዘጋበት። ውሃ አስቀድመን ካስነካነው በኋላ ቅቤም ሆነ የጉሎ ዘይት ሥራውን ይሠራል። የፈላ የተልባ ውሃም ብዙዎቻችን ወደነዋል፤ ከሱቅ ከሚገዛው ጄል ረክሶ ፀጉሩን ሳያደርቅ ይይዛል። ሹሩባንም እንፈትሽ። ግንባር ላይ ጠብቆ፣ ዓይን እስኪስብ የሚሠራው ሹሩባ ከጊዜ በኋላ የግንባርን ፀጉር ከሥሩ ያጠፋል፤ ከእኛ ውስጥ ግንባራቸው ወደ ኋላ የሸሸ እህቶች ምክንያቱ ይህ መሆኑን ያወቁት ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ነው። ያመመ ሹሩባ ይፈታል። ቆይቶ ይለመዳል የሚባል ነገር የለም።

ያቺ ልጅ አሁን በየወሩ ትመጣለች። እናቷ መጀመሪያ ላይ ፀጉሩን በአራት መክፈል ከብዷት ነበር፤ ክንዷ ዝሎ ሁለት ጊዜ ተቀምጣ አረፈች። ልጅቷ እንደ ጥንቱ ታለቅሳለች፣ ትቆነጠጣለች፤ ባለፈው ወር ኮፍያዋን ረስታ ስለሄደች እስካሁን ቢሮው ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ቀን ግን በእንግሊዝኛ ጠየቀችን፤ የእኔ ፀጉር በአማርኛ ምን ይባላል? አንዷ ጥቅልል አለች፤ ሌላዋ ጥቅልል የጨርቅ ነው አለች። አንዷ ከርዳዳ የሚለውን ቃል ራሱን እንውሰደው፣ ስድቡን እናራግፍለት አለች፤ ግማሹ ሰው አይሆንም ብሎ ተነሣ። እትዬ የምንላቸው ታላቃችን እስከዚያ ዝም ብለው ጥጥ ሲፈትሉ ቆይተው፣ «የአባቴ ፀጉር እንደዚሁ ነበር። ጫካ በነበረ ጊዜ። ጎፈሬ በሏት» አሉ። ልጅቷ ቃሉን ሦስት ጊዜ እየደጋገመች ለመጥራት ሞከረች፤ «ጎ» ላይ ትቆማለች። ጉዳዩ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ አጀንዳ ላይ ተይዟል፤ ከዕቁቡ ሂሳብ ቀጥሎ።